ኮት የለበሰው ኮምፒውተር

ዓይኔን ስጨፍን ፋብሪካ ይታየኛል። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የልጅነት መንደሩ ነው የሚታየው አሉ። እኔ ደግሞ እዚያው የልጅነት መንደሬ ውስጥ፣ ደብረ ታቦር፣ አባቴ በተወልኝ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የዱቄት ፋብሪካ፣ የዘይት መጭመቂያ፣ የወተት ማቀዝቀዣ አያለሁ። በነሐሴ ጉሙ ከጉና ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ በሩ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ ሲጠፋ፣ እነሱ ቀስ ብለው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመዋል። አንዳንዶቹ ግን ከእኔ ራስ በቀር የትም የሉም።

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ገና ያልመጣን ዓመት አስቀድሞ መኖር። የጀመርኩት እዚሁ ከተማ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት ገባሁ። ከባለሀብቶች ገንዘብ ሰብስበን የድርጅቶችን ድርሻ እንገዛለን፣ እናሳድጋቸዋለን፣ ከዓመታት በኋላ ሸጠን እንወጣለን። ፕራይቬት ኢኩቲ ይሉታል። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ልጄ ድርጅት ነጋዴ ናት» ትል ነበር፤ ከእሷ አሻሽሎ የተረጎመው አላጋጠመኝም።

ድርጅት ከመግዛታችን በፊት ሞዴል እንሠራለን። የልብስ ሞዴል እንዳይመስላችሁ። የድርጅቱን መጪ ዓመታት ኤክሴል ላይ ወር በወር መዘርጋት ነው፤ ምን ይገዛል፣ ምን ይሸጣል፣ ብድሩን በምን ይከፍላል፣ እኛስ ስንወጣ ምን ይዘን እንወጣለን። ለቅጥር የሚመጣ ወጣት ሁሉ በዚህ ይፈተናል። አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ስለ አንድ ድርጅት የሚያወሩ ጥቂት ገጾች ይሰጡታል፣ ግማሽ ቀን ይሰጠዋል፣ በሩ ይዘጋል። ስለ ደሞዜና ስለ ጡረታ ወረቀቴ ብዙ አላወራም፤ ደሞዙ ደህና ነበር፣ ወረቀቱ ዛሬም አላለቀም።

አለቃዬ ጋሽ መርዕድ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዘወትር አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ፣ ከኪሳቸው ቆሎ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሞዴል ሠርቼ ሳቀርብላቸው መጀመሪያ ቁጥሩን አያዩም፤ ቀለሙን ነው የሚያዩት። ሰው በእጁ ያስገባው ቁጥር ሰማያዊ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላው ጥቁር መሆን አለበት። «ጥሩዬ፣ የቱን አንቺ እንዳልሽ፣ የቱን እሱ እንዳለ ልወቅ» ይሉኛል። ማውስ ስነካ ካዩኝ አንድ ፍሬ ቆሎ ይወረውሩብኛል፤ ሁሉ ነገር በቁልፎቹ ነው መሠራት ያለበት። ከታች አንዲት የማረጋገጫ ረድፍ አለች፤ ሀብት በአንድ ወገን፣ ዕዳና ካፒታል በሌላ ወገን ተቀናንሰው ዜሮ ካልመጣች ሥራው አልተሠራም። ዜሮዋ ስትመጣ «ተመስገን» ብለው ቆሎ ያዘግኑኛል።

ዋናው ከዚያ በኋላ ነው። ኮታቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ጣል ያደርጉታል። «በይ ዓይንሽን ጨፍኚ። ዓመቱን ንገሪኝ።»

እናገራለሁ። መስከረም ነው፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፣ የጭነት መኪና አይገባም። ጥቅምት ላይ ይደርቃል። ኅዳር ላይ የቀን ሠራተኛ አይገኝም፣ ሁሉም አጨዳ ላይ ነው። እንዲህ እያልኩ እስከ ጳጉሜ እሄዳለሁ። ስቆም አይቆጡም፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው «እሺ፣ ታኅሣሥ ላይ በሩን የሚያንኳኳው ማነው?» ይላሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሥራ ሰዓት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያወሩ፣ መካከላቸው ኮት የለበሰ ኮምፒውተር፤ ጸሐፊያችን ስቃ አትጠግብም ነበር።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ቦታው ላይ ነበርኩ።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄዱ፣ ገሳይን አለፍ ብሎ፣ የአንድ ፋብሪካ ድርሻ ገዝተን ነበር። ድንች ጠብሶ የሚያሽግ ፋብሪካ ነው። አሳቡ ቀላል ነው፤ ድንቹ በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል፣ ያኔ በርካሽ ገዝቶ ትልቁን ማቀዝቀዣ መጋዘን መሙላት፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ መጥበስ። ሞዴሉን ጋሽ መርዕድ ራሳቸው ናቸው የሠሩት። እንደዚያ ያለ ያማረ ሞዴል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ታኅሣሥ ላይ ስንሄድ መጋዘኑ ባዶ ነው። ማሽኑ እያጓራ ባዶውን ቤት ያቀዘቅዛል። ሠራተኞቹ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ መርዕድ መኪናውን ወደ ማሳዎቹ አስነዱት። አንድ ሜዳ ዳር ቆመን ላፕቶፑን የመኪናው ኮፈን ላይ ከፈቱ። ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ቢላቸው ኮታቸውን አውልቀው ጥላ ሠሩበት። ከኮቱ ሥር አጎንብሰው ቁጥራቸውን ሲፈልጉ አንድ ሰውዬ ገብስ በአህያ ጭኖ በአጠገባችን አለፈ።

«ጌታዬ፣ የዘንድሮው ድንች የት ሄደ?» አሉት።

«የት ይሄዳል? እግርዎ ሥር ነው» አለ ሰውዬው።

እየቀለደ መስሎን ነበር። አጎንብሶ በዱላው ጫር ጫር ሲያደርግ ግን ወጣ፤ ቀይ፣ ጤነኛ፣ የቡጢ ያህል ድንች። «ገብሱ ነው የሚቸኩል» አለ። «እሱ ሳይገባ ማን ድንች ይቆፍራል? ድንች እንደሁ አፈር ውስጥ ቢቆይ አይከፋውም። ዋጋዋ ከፍ ስትል እንቆፍራታለን፤ ፍልፈል ካልቀደመን።» ሳቀና አህያውን ነዳ።

ጋሽ መርዕድ የቆሙበትን መሬት አዩ። ኮቱን ለቀቁት፣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። እኔም የደብረ ታቦር ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር፤ የከተማ ልጅ ድንችን የሚያውቀው ከገበያ ነው። ያን ቀን አፈሩ እንደ ክዳን ተነሥቶ ሥሩ ያለው ሁሉ የሚታየኝ መሰለኝ፤ መጋዘናችን እኛ ከሠራነው ቤት ውስጥ ሳይሆን እዚያ ሜዳ ሥር፣ እስከ ጉና ግርጌ ድረስ ሞልቶ ተኝቷል።

ፋብሪካው ገበሬው ድንቹን እስኪቆፍር መጠበቅ አልቻለም፤ ባንኩ ብድሩን አይጠብቅም። ተዘጋ። የመጨረሻው ቀን አንዲት ሠራተኛ ጋዋናዋን አጣጥፋ ለጋሽ መርዕድ በሁለት እጇ ስትሰጣቸው አየሁ። ተቀብለዋት መኪና ውስጥ ገብተው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ያን ፋብሪካ የመቀጠሪያ ፈተና አደረጉት። ስሙን ፍቀው፣ ገሳይን አውጥተው፣ «በአንድ ደጋ አካባቢ የሚገኝ» ብለው ጻፉት። ሁሉም ተፈታኝ በኅዳር መጋዘኑን ይሞላል። ጎበዝ ጎበዞቹ ዜሮዋን ያመጣሉ፣ ትርፉን ያሰላሉ፣ ይቀጠራሉም፤ ጋሽ መርዕድ ምስጢሩ ላይ አልደረሰም ብለው ማንንም አልጣሉም። ግን ወረቀቱን ሁሉ ሲያገላብጡ አንድ ነገር እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር። ድንቹ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው። ሳያገኙ ሞቱ።

ወንበራቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ፣ ከእኔ ሥር ቢኒያም የሚባል ፈጣን ልጅ ቀጥሬ አሳደግሁ። በመጨረሻ ጊዜው ተለወጠ። አንድ ቀን ቢኒያም መጥቶ «እትዬ፣ አሁን እኮ ሞዴሉን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል» አለኝ። «ደግ! ኮቱንስ ማን ይጥልበታል?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የምሄድበት ጊዜ መድረሱን ያወቅሁት ያኔ ነው። የፈተናውን ነገር ለማንም ላልናገር ፈርሜ፣ ቁልፉን አስረክቤ አገሬ ገባሁ።

ሐምሌ ላይ ነው ሐያት የመጣችው። ገበያው አጠገብ ጆንያ፣ ገመድና ሸራ የሚሸጡት የሐጂ ሰይድ ልጅ ናት፤ አካውንቲንግ ተምራ አንድ ብድርና ቁጠባ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆና ትሠራ ነበር። በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ» አለችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ጳጉሜ ላይ ፈተና አለኝ።» የድርጅቱን ስም ነገረችኝ። የእኛው ቤት። አንድ ቦታ፣ ብዙ ተፈታኝ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ተፈትና ዜሮዋ አልመጣ ብላት ስታለቅስ ሰዓቱ እንዳለቀባት ነገረችኝ። አሁን እየሠራች ማጥናት አልችል ስላለች በእጇ ያለውን እንጀራ ጥላ መጣች። በማግሥቱ ሐጂ ራሳቸው መጡ። «እትዬ ጥሩ፣ እኔ እንኳ ሥራሽን አትልቀቂ ብያት ነበር» አሉ። «ከለቀቀች ወዲያ ግን ከአላህ በታች ለእርስዎ ሰጥቻታለሁ።»

የዚያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ የማውቀውን ሁሉ አስተምራታለሁ፣ ድንች ግን ከአፌ አይወጣም። ያ ፈተና ዛሬም ይሰጥ እንደሆነ አላውቅም። ቢሰጥስ? አንዲት ቃል ካመለጠችኝ የፈረምኩት ፊርማ፣ የጋሽ መርዕድ አደራ፣ የልጅቷም ስም አብሮ ይበላሻል።

ጀመርን። ማውሱን ነቅዬ ጓዳ ደበቅሁባት። የወፍጮ ቤት ሞዴል ሠራን፣ የወተት ማሰባሰቢያ ሠራን፣ የኑግ ዘይት ሠራን። አንድ ቀን ዜሮዋ አልመጣ አለቻት፤ በጥቂት ብር ትስታለች። ከምሳ በኋላ የጀመርነው ፍለጋ ከሰዓቱን በላው። ለካ በአንዱ ሠንጠረዥ ላይ ወለዱን ያሰላችው በሠላሳ በሠላሳ ቀን ነው፤ ጳጉሜን ረስታታለች። «ደሞዝ የሌላት ወር መሆኗን ለምደሽ ነው እኮ!» አልኳት፣ «ባንክ ግን በጳጉሜም አይተኛም።» ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ዘልላት አታውቅም።

የተጣላነው በኮቱ ነው። ዜሮዋ ስትመጣ የሐያትን የትከሻ ሻርፕ ስክሪኑ ላይ ጣል አደርግና «ዓመቱን ንገሪኝ» እላታለሁ።

«እትዬ፣ ሰዓት ይቆጥራሉ እኮ!»

«ይቁጠሩ።»

«እኔ ሥራዬን ለቅቄ ነው የመጣሁት! ዓይኔን ጨፍኜ ልቀመጥ?»

«አዎ፣ ጨፍነሽ ተቀመጪ!» ጮኽኩባት። ሻርፗን ገፋ አድርጋ ወጣች። እኔም ተናድጄ ቀረሁ። ከንዴቱ ሥር ግን ፍርሃት ነበር። እውነቷን ቢሆንስ? የሞተ ሰው ልማድ ይዤ የሰው ልጅ ዕድል እያበላሸሁ ቢሆንስ? በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ተቀመጠች፣ ሻርፗን ራሷ ጣለችው፣ «እሺ፣ መስከረም» አለች።

ድንቹ ግን አሳበደኝ። ራሳችን ሲደነዝዝ በእግር እንውጣ እላታለሁ፤ በጋፋት መንገድ ስንሄድ ግራና ቀኙ የድንች ማሳ ነው፣ ነጩና ሐምራዊው አበባ በጉሙ ውስጥ ተዘርግቶ። ደስ ሲል! ሐያት ቆም ብላ ልታይ ስትል «ዝናብ መጣ፣ እንመለስ!» አልኳት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ጠብታ የለም። ቤቴም ድንች መሥራት ተውኩ። ወጡን ያለ ድንች፣ አልጫውን ያለ ድንች። ሄዳ ለአባቷ «እትዬ ድንች አይስማማቸውም» አለቻቸው መሰለኝ፣ ሐጂ በየሳምንቱ ካሮት ይልኩልኝ ጀመር። ካሮት እስኪሰለቸኝ በላሁ።

ጳጉሜ ላይ በሚኒባስ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደች። የፈተናው ቀን ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሳይጮህ ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች የጳጉሜ ጠበል ነው እያሉ ግቢ ለግቢ ይሮጣሉ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ያን ክፍል አየሁት። በሩ ሲዘጋ፣ ወረቀቱን ስትገልጥ። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ራሳቸው ይንቀሳቀሱ ነበር።

ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «አልጨረስኩም» አለችኝ ሳትቀመጥ። «ሻርፔን ጣልኩበት፤ ከዚያ ያየሁትን ነገር መተው አልቻልኩም። ከኅዳር ጀምሮ ያለውን ሁሉ አፍርሼ እንደ አዲስ ሠራሁት። የመጨረሻው ሠንጠረዥ ባዶውን ቀረ።»

«ተይ! እንዳትነግሪኝ» አልኳት። «አንቺም ላትናገሪ ፈርመሻል።»

«ለምን ድንች እንደማይበሉ ግን ገባኝ» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ፈተናው ያው ነው ማለት ነው። ደርሳበታለች ማለት ነው። ግን አልጨረሰችም፤ ያላስጨረሳት ደግሞ የእኔ ኮት ነው። ደስታው ከየት፣ ኀዘኑ ከየት እንደሚጀምር ሳላውቀው አዲሱ ዓመት ገባ።

መስከረም ላይ ቢኒያም ደወለ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። «እትዬ፣ ከደብረ ታቦር የመጣች ሐያት የምትባል ልጅ ያውቃሉ?»

«አውቃታለሁ። ያስጠናኋት እኔ ነኝ።»

«ድንቹ ጋ ደርሳለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ያልደረሰበት። ግማሾቹ አለቆች እንውሰዳት ይላሉ፣ ግማሾቹ...»

«ጥሩወርቅ ነግራታለች ይላሉ» ብዬ ጨረስኩለት።

«አዎ» አለ። «መጠየቅ ስላለብኝ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

ተቀየምኩ። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ካሮት የበላሁት ለዚህ ነው? ደግሞ እንዲጠይቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ቢኒያም፣ እኔ አልነገርኳትም ብዬ ብምል ምን ይረባሃል? እንዴት እንዳወቀች እሷን ጠይቃት» አልኩትና ዘጋሁት። ከዘጋሁ በኋላ ነው የፈራሁት። እንዴት እንዳወቀች እኔም አላውቅማ! ሳላውቀው አምልጦኝ ቢሆንስ? ያን ቀን በጋፋት መንገድ ስመልሳት ገባት እንዴ? «ጠረጠርኩ፣ እትዬ ደብቀውኝ ነበር» ካለች ሁለታችንም አለቀልን።

በማግሥቱ በቪዲዮ አነጋገሯት። ከአባቷ ሱቅ፣ ከጆንያው ክምር ፊት ለፊት ተቀምጣ። እኔ አጠገቧ አልሄድኩም፤ አመላከተቻት እንዳይሉ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጉሙ ስስ ብሎ ነበር፤ ከጉናው ወገን ፀሐይ ይፈነጥቃል።

ስልኩ ጮኸ። ቢኒያም ነው።

«እትዬ፣ ጋሽ መርዕድ ስለ ጆንያ ነግረውዎት ያውቃሉ?»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጆንያ።»

«የምን ጆንያ? ቢኒያም፣ ደህና ነህ?»

ሳቀ። እንደ ድሮው፣ ልጅ ሳለ እንደሚስቀው ሳቀ። «እሷ የነገረችንን እርስዎም አያውቁትም ማለት ነው። አለቆቹም እየሰሙ ነው፤ ንገራት አሉኝ» አለኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ አለችን። የእህሉ ጆንያ ኅዳር ላይ ያልቃል፤ ሳሳ ያለው የድንቹ ጆንያ ግን እስከ ጥር ከመደርደሪያው አይነቃነቅም። ጥር ላይ ሠርግ ይመጣል፣ ሁሉም ድንቹን ይቆፍራል፣ ያኔ እየተሻሙ ይገዙታል። ዓይኔን ጨፍኜ ኅዳር ላይ ስደርስ የአባቴ የድንች ጆንያ ተቆልሎ ታየኝ። ጆንያው ሱቅ ውስጥ ካለ ድንቹ እንዴት መጋዘን ሊገባ ይችላል? አለችን።»

ስልኩን ይበልጥ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«ባዶ የተወችው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጽፋለች» አለ ቢኒያም። «ድንቹ ገና መሬት ውስጥ ስለሆነ ትርፉን ማስላት አልቻልኩም፣ ይላል። እትዬ፣ ልጅቷን ወስደናታል።»

እንባዬ መጣ። ጋሽ መርዕድ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ የኪሳቸውን ቆሎ በሙሉ እንደሚያስጨብጧት አሰብኩና ሳቅሁ። እያለቀስኩ እየሳቅሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሐያት ናት። ሻርፗ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ሮጣ ነው የመጣችው። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ለረጅም ጊዜ አልተላቀቅንም።

እጇ ላይ ፌስታል አለ።

«አባባ ነው የላከው» አለች።

ከፍቼ አየሁ። ካሮት አልነበረም። ከነልጣጩ ቀቅለን በሚጥሚጣ በላነው። ለካ እንዲህ ናፍቆኝ ኖሯል።